ከመጫወቻ ጡብ የሚሠሩ የሕንፃ ሞዴሎች

ከመጫወቻ ጡብ የሚሠራ የሕንፃ ሞዴል በገሃዱ ዓለም ያለን ወይም በምናብ የታሰበን ሕንፃ፣ እርስ በርሳቸው በሚቆላለፉ የፕላስቲክ ጡቦች አሳንሶ የሚያሳይ ሥራ ነው። በእንጨት ወይም በካርቶን ከሚሠራው ሞዴል የሚለየው፣ ሠሪው ቁሱን እንዳሻው ቆርጦና ሞርዶ ማስተካከል ስለማይችል ነው፤ በእጁ ያለው ቅርጹ አስቀድሞ በፋብሪካ የተወሰነ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ጉልላቱም ቅስቱም ከዚያው መውጣት አለበት። ተመልካቹም በመጀመሪያ ከሩቅ መመሳሰሉን ያያል፤ ከዚያም መመሳሰሉ በምን ዘዴ እንደተገኘ ለማየት ይጠጋል። እውነተኛው አድናቆት የሚጀምረው በዚህ ሁለተኛው እይታ ነው።

ከጡቦቹ ሁሉ የታወቀው ሌጎ ነው። ኩባንያውን በ1932 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዴንማርክ ቢሉንድ የመሠረተው ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ አናጺ ሲሆን፣ የኩባንያው ስምም በዴንማርክኛ “በደንብ ተጫወት” ከሚል ሐረግ የተወሰደ ነው። ቀደምቶቹ ጡቦች ውስጣቸው ባዶ ስለነበር በቀላሉ ይላቀቁ ነበር። ጥር 28 ቀን 1958 የፓተንት ማመልከቻ የቀረበበት ንድፍ ግን በጡቡ ሆድ ውስጥ ቱቦዎችን ጨመረ፤ በታችኛው ጡብ አናት ላይ ያሉት ክብ ጉብታዎች በቱቦዎቹና በግድግዳው መካከል ተጣብቀው ስለሚያዙ ረጅም ግንብ ማቆም ተቻለ። ባለ ስምንት ጉብታ የሆኑና ቀለማቸው አንድ የሆነ ስድስት ጡቦች ብቻ በ915,103,765 መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ።

ሞዴሎቹን ቀረብ ብሎ ለመመርመር ጥቂት ልኬቶችን ማወቅ በእጅጉ ይረዳል። ከአንዱ ጉብታ መሃል እስከ ጎረቤቱ መሃል 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጡቡ ቁመት ያለ ጉብታው 9.6 ሚሊ ሜትር፣ ከጡቡ የሚሳሳው ጠፍጣፋ ቁራጭ (ስስ ቁራጭ) ውፍረት ደግሞ የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ አምስት ስስ ቁራጮች ሲደራረቡ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ይህም ልክ የሁለት ጉብታ ስፋት ነው። በዚህ ስሌት የተካነ ሠሪ ቁራጮችን በጎናቸው አስተኝቶ ቀጥ ብለው ከቆሙት ጋር ያለ ክፍተት ያጋጥማል፤ የመስኮት ክፈፍን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ግድግዳውንም አንድ ጉብታ እንኳ ሳይታይበት ለስላሳ ያደርገዋል። ጥላ በትክክል የሚያርፍበት የመስኮት ደፍ የጥሩ ሠሪ ምልክት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው የሚያስደንቀው ቁራጮችን ካልታሰቡበት ቦታ ማዋል ነው። በ2020 የወጣው፣ 9,036 ቁራጮች ያሉት የሮም ኮሎሲየም ሞዴል በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቆሮንቶስ በተባለው ጥንታዊ፣ ያጌጠ የዓምድ ዘይቤ በተሠሩት ዓምዶች ራስ ላይ ያለው ጥምዝምዝ ጌጥ ጠጋ ተብሎ ሲታይ፣ የትንንሾቹ የሰው ምስሎች ባለ ጎማ መንሸራተቻ ጫማ ተገልብጦ የገባበት ሆኖ ይገኛል። ከአንድ ክንድ ርቀት ግን ጌጡ ፍጹም የድንጋይ ቅርጽ ይመስላል።

ትልቅነት ብቻውን የጥራት መለኪያ አይደለም። በ2022 የወጣው የኤፍል ማማ 10,001 ቁራጮችና 149 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ ይሁን እንጂ በ2008 ከቺካጎው አርክቴክት ከአዳም ሪድ ተከር ጋር በተጀመረው የትንንሽ ሕንፃ ሞዴሎች ተከታታይ እንደታየው፣ አንድን ሰማይ ጠቀስ ፎቅ በመዳፍ በሚያዙ ጥቂት ቁራጮች እንዲለይ አድርጎ ማሳየት ምናልባት የበለጠ ከባድ ነው። ሠሪው የሕንፃውን መለያ ለይቶ ሌላውን ሁሉ መተው ይኖርበታል።

ለሕዝብ ከሚታዩት መካከል በ1968 በቢሉንድ የተከፈተው የመዝናኛ ፓርክ ሌጎላንድ በ1፡20 መጠን የተሠሩ ሰፈሮችን ይዟል። በእንግሊዝ የደርሃም ካቴድራል ሞዴል ደግሞ ሰው ሁሉ ለአንድ ጡብ አንድ ፓውንድ እየለገሰ በ2016 በ300,000 ጡቦች የተጠናቀቀ ነው፤ ገንዘቡ ለካቴድራሉ ቅርስ ማሳያ ሥራ ውሏል። የሞዴሉ ርዝመት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል።

አያያዙም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሕዝብ መካከል የሚቆሙ ግዙፍ ሞዴሎች ብዙውን ጊዜ በማጣበቂያ ይያያዛሉ፣ አንዳንዶቹም በውስጣቸው የብረት አጥንት አላቸው፤ በቤት የሚቀመጡት ግን ፈርሰው እንደገና እንዲሠሩ ሳይጣበቁ ይተዋሉ። የጡቡ ፕላስቲክ ለፀሐይ ብርሃን ሲጋለጥ፣ በተለይ ነጩና ግራጫው፣ ወደ ቢጫነት ስለሚያደላ ሞዴሉ ከመስኮት ርቆ ይቀመጣል። በጉብታዎቹ መካከል የሚተኛው አቧራም በለስላሳ ብሩሽ፣ ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ታች ይጠረጋል።