የበቆሎ ማሳና የሚባክነው ናይትሮጅን

በቆሎ ናይትሮጅን ይወዳል። ሆኖም ማሳ ላይ ከሚበተነው ማዳበሪያ ብዙው ወደ ፍሬው አይደርስም። ራውን እና ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት፣ በዓለም ዙሪያ የእህል ሰብሎች ከተሰጣቸው ናይትሮጅን በፍሬ የሚመለሰው 33 በመቶ ገደማ ነው። አፈር ውስጥ ለከርሞ የሚቆየውን አይቆጥርም እየተባለ ስሌቱ ይተቻል።

የመጀመሪያው ብክነት ትነት ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። አፈር ላይ ተበትኖ ሲቀር፣ ዩሪዬዝ የተባለው ኢንዛይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒያ ይቀይረዋል፤ አሞኒያው ደግሞ ይበናል። ሙቀት፣ እርጥበትና የሰብል ቅሪት ያባብሱታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አፈር ማልበስ። 13 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብም ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ኤንቢፒቲ የተባለው ኬሚካል ኢንዛይሙን ለሳምንት፣ ቢበዛ ለሁለት ሳምንት ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

ከትነት የተረፈው አሞኒያ አፈር ውስጥ አሞኒየም ይሆናል፤ ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትሬት ወደተባለ በውሃ የሚሟሟ የናይትሮጅን ዓይነት ይቀይሩታል። አፈርም ናይትሬትም አሉታዊ ቻርጅ ስላላቸው አፈሩ ናይትሬትን አይይዘውም፤ ውሃ ጠርጎት ይሄዳል። ማሳው ውሃ ከቋጠረ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ወስደው ጋዝ ያደርጉታል። ከጋዞቹ አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። በ100 ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል። ናይትራፒሪን የተባለው ኬሚካል ባክቴሪያዎቹ አሞኒየምን ወደ ናይትሬት እንዳይቀይሩ ያዘገያል። ሻጮቹ ሁልጊዜ ምርት ይጨምራል ይላሉ፤ በደረቅ ዓመት ግን ልዩነቱ ላይታይ ይችላል።

ትልቁ ነገር ጊዜው ነው። በቆሎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወስደው ትንሽ ነው። ቁመቱ የሰው ጉልበት ከደረሰ በኋላ ጽጌው እስኪወጣ ድረስ ግን ይጎርሰዋል። ስለዚህ ሲዘራ ጥቂት፣ ቀሪውን ጉልበት ሲደርስ መስጠት ያዋጣል። እዚህ ላይ የአፈር ሳይንስ ከሠራቸው ቆንጆ ሥራዎች አንዱን መጥቀስ ይገባል። በ1984 እ.ኤ.አ. ፍሬድ ማግዶፍና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ቨርሞንት አንድ ቀላል ምርመራ አስተዋወቁ። በቆሎው ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ፣ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ተወስዶ ናይትሬቱ ይለካል። ከአንድ ሚሊዮን የአፈር ክፍል 25 ገደማ ካለፈ ተጨማሪ ማዳበሪያ አያስፈልግም። አፈሩ ራሱ መልስ ይሰጣል ማለት ነው! ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው ፍግ የገባበት ማሳ ላይ ነው፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ዩሪያው ትርፍ ሆኖ ይገኛል።

ከአጨዳ በኋላ የሚቀረውን ናይትሬት ደግሞ አጃን የመሰለ የአፈር ሽፋን ሰብል ይለቅመዋል።