አሉማ ምንድን ነው?

አሉማ ቅጠሉ የሚበላ ተክል ነው። በጎጃም ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው በአረምነቱ ነው። በቆሎና ማሽላ ማሳ ውስጥ፣ አጥር ጥግ፣ በተለይ ፍግ በሚደፋበት ቦታ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ክረምት ላይ ተነቅሎ ይጣላል፤ ወይ ለከብት ይሰጣል። ታንዛኒያ ውስጥ ግን ምቺቻ ብለው ዘርተው ያሳድጉታል፤ በየገበያውም በእስር በእስር ይሸጡታል። በሳይንሳዊ ስሙ አማራንተስ ይባላል። ዝርያው ብዙ ነው፤ ግንዱ የሚቀላ አለ፣ እሾህ ያለውም አለ።

ሙቀትን የሚችልበት መንገድ ደስ ይላል። ቅጠል አየር የሚያስገባው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳዎቹ ሲከፈቱ ግን ውሃም አብሮ ይተናል። አሉማ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቅጠሉ ውስጥ የሚያጠራቅምበት ዘዴ ስላለው፣ ቀዳዳዎቹን ብዙ ሳይከፍት ምግቡን ይሠራል። ይህ ዘዴ ሲ-4 ይባላል። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላም አላቸው። ጎመን የለውም። ስለዚህ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ባለው ቆላ ጎመን ውሃ ካላጠጡት ቶሎ ይጠወልጋል፤ አሉማ ግን ይታገሣል። ያለ ውሃ ይኖራል ማለት ግን አይደለም። ለመብቀል እርጥበት ይፈልጋል፤ ድርቁ ከረዘመም ቶሎ ያብብና ቅጠሉ ይጠነክራል። ብርድም አይወድም። የጮቄ ደጋ አገሩ አይደለም።

ምግብነቱስ? 100 ግራም ጥሬ ቅጠል 215 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየምና 43 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ አለው። ብረትና ለዓይን የሚበጀው ቤታ ካሮቲንም አለው። የካልሲየሙ ቁጥር ከወተት ይበልጣል፤ ነገር ግን ሁሉም ሰውነታችን ውስጥ አይገባም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየሙን ይይዘዋል። ስለዚህ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ይሻላል። ከዚያ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ቁሌት ማብሰል ነው። ዘይቱን አትቆጥቡ፤ ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም። ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ብረቱን ሰውነት በተሻለ ይወስደዋል። ቡናውን ግን ትንሽ አቆዩት፤ ወዲያው ከተጠጣ ሰውነት የሚወስደውን ብረት ይቀንሰዋል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ወይም ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ይህን ያህል ጥቅም እያለው ለምን አይዘራም? እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ክረምት ሲያልቅ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እንላለን። ቅጠል የችግር ጊዜ ምግብ ነው ብለን ስለምናስብ፣ ጎተራው ሲሞላ እንሸሸዋለን። የተዘራው ጎመን እንዲህ ከሆነ፣ ያልተዘራው አሉማ ደግሞ ቢታይ እንኳ የሚያፍሩበት ነገር ነው። እንግዳ ፊት የሚያቀርበው ማን ነው? ግን አስቡት፤ የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ያኔ ያለፈው ዓመት እህል እያለቀ ነው፤ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። ሥጋና ወተት የለም። አሉማ ደግሞ በደጃፉ ለምልሟል። እናቶችና ልጆች ብረት በሚያስፈልጋቸው ሰዓት የሚጣለው እሱ ነው።

ከማሳ የሚለቅም ሰው ይጠንቀቅ። የአረም መድኃኒት ከተረጨበት ጤፍ ወይም በቆሎ ውስጥ ፈጽሞ አይለቀም። እንደ አስተናግር ያለ መርዛማ አረምም አብሮ ስለሚበቅል፣ ለይተው የሚያውቁ እናቶችን ሳትጠይቁ አትቁረጡ።

ከሁሉም የሚሻለው ጓሮ ላይ መዝራቱ ነው። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ መበተን፣ አፈሩንም ስስ አድርጎ ማልበስ ነው። በሦስት በአራት ሳምንት ለመብል ይደርሳል። ከሥሩ አትንቀሉት፤ ጫፉን ብትቆርጡት ከጎን እንደገና ያቆጠቁጣል። ካማሩት ሁለት ሦስቱን ለዘር ተዉ። ሌላውን ሳያፈራ ቁረጡት፤ አንዱ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ስለሚያራግፍ፣ ከተዘናጋችሁ በሚቀጥለው ክረምት ጓሮውን ይወርሰዋል።