«ሒሳቡ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው» እና ሌሎች የነጋዴ ተረቶች

ባለፈው ወር አንድ ዘመዴ ባሕር ዳር ከተሰጠ የስኬት ሥልጠና ተመልሶ ቤቴ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ በሆቴል አዳራሽ ተቀምጦ እጁን እያነሣ «እችላለሁ!» ሲል ውሎ ድምፁ ጠፍቷል። የልብስ ሱቁ እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው «አመለካከቴን ቀይሬያለሁ» አለኝ። «ጥሩ፤ አምና ስንት አተረፍህ?» ስለው ግን ዝም አለ። ከዚያም ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ሒሳቡ እዚህ ውስጥ ነው» አለኝ።

ደብረ ማርቆስ ላይ የነጋዴ ሒሳብ በመሥራት እንጀራዬን መብላት ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆኖኛል። ይህን ቃል ከእህል ነጋዴ፣ ከሥጋ ቤት ባለቤት፣ በሒሳብ አያያዝ ከተመረቀ ወጣትም (አዎ፣ በሒሳብ አያያዝ!) ሰምቻለሁ። ስለዚህ ስለ ስኬት የሚነገሩትን ሌሎቹን የተሳሳቱ አመለካከቶች ቶሎ ቶሎ አልፌ ወደዚህኛው እመጣለሁ። ትዕግሥቴን የጨረሰው እሱ ነው።

«ማለዳ የተነሣ ይከብራል።» የመናኸሪያ ተሸካሚዎች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምረው እግራቸው ላይ ናቸው። እስካሁን የከበረ አላየሁም።

«ንግድ ያለ ውሸት አይሆንም።» የሚዋሽ ነጋዴ አውቃለሁ፤ የማይዋሽም አውቃለሁ። የሁለቱንም ሒሳብ ስለምሠራ ልዩነቱ ትርፉ ላይ እንደማይታይ እመሰክራለሁ። የሚታየው በሦስተኛው ዓመት የደንበኛው ቁጥር ላይ ነው።

«ጎጃሜ ገበሬ እንጂ ነጋዴ አይሆንም።» ይህን የሚል ሰው ባሶን አልሰማም ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ፣ ዓባይን ተሻግሮ ከጉድሩና ከእናርያ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨው ጋር የሚገናኝበት ስመ ጥር ገበያ ነበር። ሰበብ ካስፈለገ ሌላ ይፈለግ።

«የአርባ ቀን ዕድሌ ነው።» ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ዕጣ ፈንታቸው አብሮ ይጻፋል የሚል አባባል አለን። ከማንም እምነት ጋር አልጣላም። ነገር ግን እንዲህ ብሎ የመጣን የከሰረ ነጋዴ ሁሉ «ኪሳራው በየትኛው ወር ጀመረ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። የመለሰልኝ የለም።

«መነሻ ገንዘብ ብቻ ነው የጎደለኝ።» ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለበት ጥቂት ልቆይበት። በባዶ እጅ አይነገድም፣ ልክ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ብዙ ድሃ በቡድን ዋስትና ብድር ያገኘበት ቤት ነው። በአንድ ቡድን የተዋዋሱ፣ በአንድ ቀን እኩል ብር የወሰዱ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩኝ። አንደኛዋ እንጀራ ጋጋሪ ናት። ማታ ማታ ከሁሉ አስቀድማ የነገውን የጤፍና የማገዶ ዋጋ ከሽያጩ ትለያለች፤ የቀረው ነው የእሷ። ሁለተኛዋ ቡና ቤት ከፈተችና ግማሹን ብር ለወንበርና ለድምፅ ማጉያ አዋለችው። በዓመቱ የሁለተኛዋን ዕዳ የከፈለችው አንደኛዋ ናት፤ ዋስ ነቻ! ጎድሎ የነበረው ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል በቆሙ ነበር።

«ዱቤ ካልሰጠሁ ደንበኛ ይሸሸኛል።» ደንበኛ የሚሸሸው ዱቤ ሲወስድ ነው። 300 ብር ያለበት ሰው በደጅህ ማለፍ ያፍርና በሌላ መንገድ ይዞራል፤ ዞሮም ከጎረቤትህ በጥሬ ብር ይገዛል። ብርህንም ሰውየውንም ታጣለህ። መስጠት ግድ ከሆነ ደምበጫ እንዳሉት እናት ይሁን። አረቄ ሻጭ ናቸው፣ ፊደል አልቆጠሩም። ግድግዳቸው ላይ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በከሰል የተሣለ ምልክት ነበራቸው፤ ለአናጢው መዶሻ፣ ለሾፌሩ ክብ፣ ለመምህሩ መነጽር። ከሥሩ ለአንድ መለኪያ አንድ ጭረት። የከፈለ ሰው ጭረቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግለታል። ለፋሲካ ቤቱ ሲለቀለቅ ያን ግድግዳ ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም። «ደብተር ለተማረ ሰው ነው» የሚሉኝን ወደ እሳቸው እልካለሁ።

አሁን ወደ ራስ ምታቴ።

ጭንቅላት መጥፎ መዝገብ ነው ስል ነጋዴዎቻችን አእምሯቸው ደካማ ነው ማለቴ አይደለም። የእህል በረንዳ ሰዎች የማኛውን፣ የነጩንና የሰርገኛውን የአምስት ዓመት ዋጋ ወር በወር ይነግሯችኋል። ችግሩ ጭንቅላት መርጦ መያዙ ነው። ትልቁን ይይዛል፣ ትንሹን ይጥላል። ሰው ያለበትን ይቆጥራል፣ የራሱን ዕዳ ይዘላል። የቅዳሜውን ገበያ ያስታውሳል፣ ዝናብ የዋለበትን ማክሰኞ ይረሳል። እንዲህ ያለ ጸሐፊ ብትቀጥሩ በሳምንቱ ታባርሩት ነበር።

የሚያናድደኝ ደግሞ «ሒሳቡ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው» የሚለው ሰው ራሱ የዕድር ሰብሳቢ መሆኑ ነው! የዕድሩ ገንዘብ ያዥ እሑድ ተነሥቶ «መዋጮው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው» ቢል ድንኳኑንና ብረት ድስቱን በዚያው ዕለት ቆጥረው ይረከቡት ነበር። ዕቁቡም ያለ ጸሐፊ ዕጣ አያወጣም። ለ100 ብር መዋጮ ጸሐፊ የሚሾም ሰው ለግማሽ ሚሊዮን ብር ዕቃው አንድ ደብተር ይነፍጋል። አባቶቻችን እንኳ እንዲህ አልነበሩም። በጎጃም አድባራት የብራና ወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የርስቱና የጉልቱ ነገር ከነእማኞቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። መሬት ለምስክር ትዝታ ብቻ እንደማይተው ያውቁ ነበር።

አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ላንሣ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ከተማው ትንሽ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ቀለም ይሸጣሉ። ገበያው ሞቅ ያለ ነው፤ መደርደሪያው ግን ከወር ወር ይሳሳል። ጎረቤቴ መተት አሠርቶብኛል ብለው የደጃፋቸውን ድንጋይ አስነቅለው አስቆፍረዋል። ጠበልም ሄደው ተመልሰዋል። ወደ እኔ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ በቀን ስንት ይሸጣሉ?»

«12 ሺህ አይጠፋም።»

«ከዚያ ውስጥ ትርፉ ስንት ነው?»

«አንተ ልጅ፣ 12 ሺህ አልኩህ እኮ!»

ሌላ መተት አልነበረም። ደረሰኞቻቸውን አገላብጬ ሳሰላው ከመቶ ብር ሽያጭ የሚያተርፉት 8 ብር ነው። ይህ በቀን 960 ብር ይሆናል። በወር 26 ቀን ሲከፍቱ 24,960 ብር። የሱቅ ኪራይ 6,000፣ የሠራተኛ ደመወዝ 3,500 ሲነሣለት 15,460 ብር ይቀራል። ጋሼ በወር ሊበሉት የሚችሉት ይህንኑ ነው። በየቀኑ በመሳቢያቸው የሚያልፈው ሌላው 11,040 ብር የነገ ሲሚንቶና የነገ ቆርቆሮ ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤ የጋሼም መሳቢያ ብዙ ግንድ ያያል፣ አንዱም አያድርበትም።

ለ30 ቀን ከመሳቢያው የሚወጣ ሁሉ ይጻፍ ብለን ተስማማን። ደብተር ገዛሁና በሲባጎ ከመሳቢያው እጄታ ጋር አሰርኩት፤ እስክሪብቶውንም እንዲሁ፣ እግር አለውና። በወሩ መጨረሻ ስንደምር ከዕቃ፣ ከኪራይና ከደመወዝ ውጭ 21,000 ብር ወጥቷል። በየወሩ 5,540 ብር ይበሉ የነበረው ከሚስማሩና ከቆርቆሮው ላይ ነበር ማለት ነው።

ጋሼ ከጎረቤቱ ቀጥሎ የሚጠረጥሩት ባለቤታቸውን ነበር። «ቤቱ ነው የሚያፈሰው» ይላሉ። በደብተሩ ለቤት የሄደው 8,700 ብር ነው። 12,300 ብሩ የራሳቸው ነው፤ የምሳ ግብዣ፣ የእንግዳ ቢራ፣ የተዝካር፣ የሰርግ፣ ለዘመድ ልጅ የመሳፈሪያ። አንድ መስመር ላይ «ለሰው፣ 200 ብር» ይላል። ለየትኛው ሰው? ቢያስቡ ቢያስቡ አልመጣላቸውም። ያ ሁሉ ሒሳብ የሚያድርበት ጭንቅላት የ12 ቀን ዕድሜ ያላትን 200 ብር ማግኘት አቃተው። ባለቤታቸው እትዬ ከማዶ ተቀምጠው ቡና ይቆላሉ፤ ቃል አልተናገሩም፣ ግን ምጣዱን የሚያማስሉበት እጃቸው ፈጠን ሲል አይቻለሁ።

«መዝገብ የሚያዘው ለግብር ነው» የሚል ማምለጫም አለ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደረጃ «ሐ» ተብሎ የተመደበ አነስተኛ ነጋዴ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፤ ቁርጥ ግብር ይከፍል ነበር። ብዙው ሰው ከዚህ የተረዳው ደብተር አያስፈልገኝም ብሎ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ «በዛብኝ» ያላለ አልነበረም። አንዲት የቁርስ ቤት ባለቤት ግን የዓመቱን ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ቅሬታ ልታቀርብ ሄደች። ሌሎቹ ለመማል የሄዱ ሲሆን እሷ የምታሳየው ነበራት።

ከገባሁበት አይቀር ልምከር፤ ክፍያ አልጠይቅም። ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ማታ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ብሩ ተቆጥሮ «የቀረ» ከሚለው ጋር ይመሳከር፤ ካልገጠመ ልዩነቱም ይጻፍ፣ አይደበቅ። «ነገ እጽፈዋለሁ» ማለት ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ በሌላ አፍ። ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ፤ የጋሼን በወር 12,000 ብር አድርገን ነው የጀመርነው፣ ከሱቁ አንድ ቀን ይቀበላሉ፣ ካለቀ አለቀ። ሁለት የብስኩት ቆርቆሮ ያዙ፣ አንዱ የሱቅ፣ አንዱ የቤት። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ መሳቢያው ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ የሱቁና የግሉ ቁጥር አንድ ከሆነ መሳቢያውን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። ልጃችሁ ከሱቁ ብስኩት ቢበላ ይጻፍ። ስስት አይደለም፣ ብስኩቱን ከልክሉ አላልኩም።

የሥልጠናው ዘመዴስ? የእሱ በሽታ ሌላ ነው፦ «በገዛሁበት ላይ ከጨመርኩ አተረፍኩ።» ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዘመዴ በዚያ ነሐሴ ከውጭ የመጡ ጃኬቶቹን በገዛበት ላይ 20 በመቶ እየጨመረ አራገፋቸው። ወረፋ ነበር፤ ደውሎ «ገበያ አበደ» አለኝ። ያበደው እሱ ነበር። መስከረም ላይ አዲስ አበባ ሲወርድ በያዘው ብር የሸጠውን ግማሽ እንኳ መልሶ መግዛት አልቻለም። የመተኪያው ዋጋ ስንት ነው ብሎ አንድ ስልክ ቢደውል ኖሮ፣ ደውሎም ቢጽፈው ኖሮ! አሁን አመለካከቱን ቀይሯል። የዕቃ ቆጠራ ግን ገና አላደረገም፤ ለቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ።

ጋሼ ዛሬም እዚያው ናቸው። መደርደሪያው ሞልቷል፣ ከጎረቤታቸውም ጋር ታርቀዋል። ደብተሩ አራተኛው ነው፤ ሲባጎው ያው የድሮው። ባለፈው ሳምንት ሳገላብጠው ሁሉም አለ፤ የተዝካሩ፣ የመሳፈሪያው፣ የእትዬ ሽንኩርት ሳይቀር። በቀን ሦስት ጊዜ ማዶ ተሻግረው የሚጠጧት ቡና ግን የለችም። «ጋሼ፣ ቡናዋስ?» አልኳቸው።

ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።