ጎራዴው የየት ነው? ስለ ፊሊፒንስ ጥንታዊ ስለቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"ክሪስ ማለት እንደ እባብ የተጥመዘመዘ ሰይፍ ነው።"
ጥምዝምዙ ፎቶ ላይ ስለሚያምር ስሙን ጠቅልሎ ወሰደው እንጂ፣ የደቡቡ ሙስሊም ሕዝቦች፣ ሞሮዎች፣ ቀጥ ያለ ክሪስም ብዙ ሠርተዋል። ዓይን መጣል ያለበት ስለቱ ከእጀታው ሥር የሚሰፋበት ቦታ ላይ ነው። ጋንጃ ይሉታል። በአሮጌዎቹ ላይ ለብቻው ተሠርቶ የተገጠመ ስለሆነ መጋጠሚያው ይታያል፤ በኋለኞቹ ግን ብዙ ጊዜ ከስለቱ ጋር አንድ ወጥ ነው፣ መስመሩም ለማስመሰል የተጫረ ነው። ይህ ታዲያ ዕድሜን እንጂ አገርን አይናገርም። ሻጮች ሁለቱን ሲያምታቱ እበሳጫለሁ።

"በአንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ ስለት ሥራው አላለቀም።"
አልቋል። የፓናይ ደሴት ታሊቦንግ የተባለው ጎራዴ አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ወደ አፉ ያዘቀዘቀ ነው። ጠፍጣፋውን ጎን ጠረጴዛ ላይ ብታስተኙት ልጥፍ ይላል። ይህ አሳሳል ሌላም ቦታ አይጠፋም፤ እጀታው ላይ ያፈጠጠ የጭራቅ ፊት ከተጨመረበት ግን እኔ መጀመሪያ የማስበው ፓናይ ያለችበትን የመካከለኛ ፊሊፒንስ ደሴቶች፣ ቪሳያስን ነው።

"ቦሎ የአንድ አካባቢ ጎራዴ ነው።"
ቦሎ እኛ ገጀራ እንደምንለው ጥቅል ስም ነው።

"ካምፒላን ከጥንት ጀምሮ የሞሮዎች ብቻ ነበር።"
ዛሬ በስብስቦች ውስጥ የሚገኙት በአብዛኛው የደቡቡ ትልቅ ደሴት የሚንዳናኦ ናቸው፤ ማጊንዳናኦና ማራናኦ የተባሉት የሞሮ ሕዝቦች ይሠሯቸው ነበር። ረጅም ነው፣ ወደ ጫፉ እየሰፋ ይሄዳል፣ የእጀታው መጨረሻ እንደ ተከፈተ አፍ ለሁለት ይሰነጠቃል። የመርከበኛው የማጄላን ባልደረባ አንቶንዮ ፒጋፌታ ግን እ.ኤ.አ. በ1521 ቪሳያስ ውስጥ በመዘገባቸው ቃላት መካከል "ካምፒላን" ይገኛል። በቅጠል ቅርጹ የሚታወቀው ባሮንግ የተባለው ስለት ግን ከደቡቦቹ ደሴቶች ከሱሉና ከባሲላን ጋር የተያያዘ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክሩ ያነሰ ነው።

"የተገኘበት ቦታ መነሻው ነው።"
ስለት በንግድም በምርኮም ይጓዛል፤ እጀታው ሲሰበር ባለቤቱ በሰፈሩ ወግ ሌላ ያስገጥምለታል፣ አፎቱም ከሌላ ጎራዴ ሊመጣ ይችላል። ከ1898 በኋላ የገቡት የአሜሪካ ወታደሮች ደግሞ ብዙ ስለት ለማስታወሻ ገዝተው ወሰዱ። አፎቱ ላይ በቀለም "ማኒላ" ተብሎ ቢጻፍ፣ ወታደሩ ገንዘቡን የከፈለበት ከተማ ሊሆን ይችላል።