የጓሮ አርኪዮሎጂ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

እንግሊዝ አገር የአንድ መንደር ነዋሪዎች ጓሯቸውን ቆፈሩ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት አይለወጥም። ግማሹ «ስንት ወርቅ አገኙ?» ይላል። ሌላው ፎቶውን አይቶ «ለዚህች ገል ነው ሁለት ቀን ሙሉ አፈር ሲምሱ የዋሉት?» ብሎ ይሳለቃል። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ በሙሉ ልብ «የማኅበረሰብ አርኪዮሎጂ ማለት እኮ ፈቃድ ያለው ሀብት ፍለጋ ነው፤ እኛ ግን ወርቅ ላይ ተኝተን እንራባለን» ብሎ ጻፈ። ተቀባይም አላጣም።

ከማኅበረሰብ አርኪዮሎጂ አንዱ የሆነው የጓሮ አርኪዮሎጂ ግን ነዋሪዎች ራሳቸው በየጓሯቸው ትንንሽ ጉድጓዶችን በአንድ ወጥ ደንብ ቆፍረው፣ የወጣውንም ያልወጣውንም መዝግበው፣ ሰፈራቸው መቼ እንደተመሠረተ፣ በየትኛው ዘመን ወዴት እንደሰፋና መቼ እንደጠበበ በካርታ ላይ የሚያዩበት ጥናት ነው። ጉድጓዱ የሙከራ ጉድጓድ ይባላል፤ ስፋቱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ነው። የሚጠናው መንደሩ ነው። አንድ ጉድጓድ ብቻውን ለባለቤቱ ደስታ ቢሰጥ እንጂ ስለ መንደሩ እምብዛም አይናገርም።

ጓሮ የተመረጠበት ምክንያት አለ። የእንግሊዝ አርኪዮሎጂስቶች ስለ መካከለኛው ዘመን ገጠር ብዙውን ነገር ያወቁት ሰው ጥሏቸው ከሄደ መንደሮች ነበር። ዮርክሻየር የሚገኘው ዋራም ፐርሲ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል በየበጋው ሊቆፈር የቻለው ሜዳ ስለሆነ ነው። እስከ ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው መንደሮች ግን በቤትና በአስፋልት ተሸፍነዋል። የከሰሙትን ብቻ እያጠኑ ስለ ሁሉም ማውራት ደግሞ አያስኬድም፤ ሌሎቹ ለምን እንዳልከሰሙ አይነግርማ። ክፍት የቀረው ቦታ ጓሮ ነው፤ የጓሮው ቁልፍ ደግሞ ያለው በነዋሪው እጅ ነው። ያኔ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት የነበሩት ካሬንዛ ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንና ነዋሪዎችን ይዘው በምሥራቅ እንግሊዝ መንደሮች የሠሩት ሥራ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ጤፍ በጅምላ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም። አምሳ ጆንያ የሚገዛ ነጋዴ ሁሉንም አይዘረግፍም፤ ከየጆንያው ጭብጥ ጭብጥ እያወጣ ያያል። ከላይ ብቻ ካየ ይታለላል፤ ስለዚህ እጁን እስከ ብብቱ ከትቶ ከመሃልም ከሥርም ያወጣል። ያወጣውን ሁሉ አንድ ሰፌድ ላይ ከደባለቀው ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ የትኛው ጭብጥ ከየትኛው ጆንያ፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደመጣ አያውቅም። ከአምሳው ሰባቱ ግማሽ ድረስ ገለባ ቢሆኑ ደግሞ ዋጋ የሚቆርጠው እነሱንም ቆጥሮ ነው እንጂ እንዳላየ አያልፋቸውም። ነጋዴው ጆንያ ውስጥ እጁን የከተተው ወርቅ ፍለጋ ነው የሚልም የለም። ምሳሌው የሚሰበረው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ጤፉ ወደ ጆንያው ይመለሳል፤ የተቆፈረ አፈር ግን ንብርብሩ መልሶ አይገጥምም። የተበላሸ ጉድጓድ ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ ጉድጓዱን ትንሽ ያደረገውም ይኸው ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ቦታው ሲመረጥ የመብራት ገመድ፣ የጋዝ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር የት የት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ይጣራል። አራቱ ማዕዘኖች በሚስማርና በሲባጎ ይወጠራሉ፤ ሰያፉ 1 ሜትር ከ41 ሳንቲም ካልመጣ ካሬው ዝንፍ ብሏል። ሣሩ ከነሥሩ ተቆርጦ በተነሳበት ቅደም ተከተል ይደረደራል። አፈሩ የሚጠራቀመው ላስቲክ ላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ነው፤ ጠርዝ ላይ የተከመረ አፈር ግድግዳውን ይንደዋል፤ ተመልሶ ከገባም የላይኛውን ገል ከታችኛው ይቀላቅላል።

ቁፋሮው በየ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እየወረደ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ እርከን ራሱን ችሎ ተነፍቶ፣ ተመዝግቦና ፎቶ ተነስቶ ሳያልቅ ቀጣዩ አይጀመርም። አንዱ እርከን 100 ሊትር አፈር ነው፤ ሲቆፈር ስለሚላላና ስለሚያብጥ ከአሥር ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይበልጣል፤ ክብደቱም እንደ አፈሩ ዓይነት 150 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሜትር የወረደ ቡድን ወደ አንድ ቶን ተኩል አፈር በእጁ አገላብጧል ማለት ነው። አራት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ይቆፍራል፣ ሁለቱ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይነፋሉ፣ አንዱ ይመዘግባል። ጥልቀቱ የሚለካው ከጉድጓዱ ውጭ ከተተከለ ከማይንቀሳቀስ አንድ ሚስማር፣ በሲባጎና በውሃ ልክ ነው። ካለፈው እርከን ወለል እየለኩ የሚወርዱ ሰዎች በየእርከኑ ሁለት ሁለት ሳንቲም ቢስቱ አምስተኛው ላይ አንድ ሙሉ እርከን ስተዋል።

በብዛት የሚበላሸው ግን ልኬቱ ሳይሆን ወንፊቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጧት ሁሉም ሰው እያንዳንዷን ጓል በጣቱ ይፈጫል። ከሰዓት በኋላ አፈሩ እርጥብ ጭቃ ይሆናል፣ ወንፊቱ ይደፈናል፣ ጀርባ ይታመማል። አምስተኛው እርከን ላይ ጓሉ ሳይፈረፈር ወደ ክምሩ ይወረወራል። መዝገቡ ላይ «ከ40 ሳንቲም በታች ምንም የለም» ተብሎ ይጻፋል። ሊሆን ይችላል፤ ግን የሌለው ገሉ ነው ወይስ ጉልበቱ? በፎቶና በማስታወሻ ካልተለየ በስተቀር አንባቢ ሁለቱን መለየት አይችልም። ስለዚህ ቅጹ ላይ ምን ያህሉ አፈር እንደተነፋ የሚጠይቅ መስመር ሊኖር ይገባል፤ ግማሹን ብቻ ነፍቶ «ግማሽ» ብሎ የጻፈ ቡድን ሁሉንም ነፋሁ ብሎ ከዋሸ ቡድን እጅግ ይጠቅማል።

የተገኘው ነገር በየእርከኑ ለብቻው በላስቲክ ከረጢት ይገባል። የመንደሩ ምልክት፣ የጉድጓዱ ቁጥርና የእርከኑ ቁጥር ውሃ በማያጠፋው ቀለም ከረጢቱ ላይም፣ ውስጥ በሚገባ ካርድ ላይም ይጻፋል። ሸክላው በጥርስ ብሩሽና በንጹህ ውሃ ይታጠባል፤ ብረት አይታጠብም፣ ዝገቱ ይብስበታል። የታጠበው ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ከረጢት ከገባ ይሻግታል፤ ካርዱም ይበሰብሳል። የት እንደተገኘ የማይታወቅ ገል ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለጥናቱ ጠጠር ነው።

እዚህ ላይ ነው ፎቶውን አይቶ የሳቀው ሰው የተሳሳተው። ወርቅ ውድ ስለሆነ ሰው ይጠብቀዋል፣ ያቀልጠዋል፣ ያወርሰዋል፤ ከተሠራበት ዘመንና ቦታ ርቆ ይገኛል። ሸክላ ግን ርካሽ ነው፤ በየቀኑ ይሰበራል፣ ተሰብሮም ብዙ ሳይርቅ ይጣላል፣ አፈር ውስጥ አይበሰብስም፣ አሠራሩም ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል። ነጭና ሰማያዊ ሥዕል ያለበት የሳህን ስባሪ በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከሸክላ የተሠራ የትምባሆ ፒፓ እንግሊዝ ውስጥ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አይቀድምም። ቴትፎርድ የሚባለው ግራጫ ሸክላ ከታች ከወጣ ከ9ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ገብታችኋል። ገሉ ይቆጠራል፣ ይመዘናልም፤ አንድ እንስራ ሠላሳ ቦታ ሊሰበር ስለሚችል ቁጥር ብቻውን ያታልላል። አንዲት የተፈገፈገች ትንሽ ገል ከቤት ፍግ ጋር እርሻ ላይ ተበትና ሊሆን ይችላል፤ ጠርዛቸው ስለት የሆነ በርከት ያሉ ገሎች ግን ቤት በአቅራቢያው እንደነበረ ይጠቁማሉ።

ባዶ ጉድጓድ ምን እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ አንድ ውጤት ይበቃል። ካሬንዛ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት ከ50 በላይ በሆኑ የምሥራቅ እንግሊዝ መንደሮች የተቆፈሩ ወደ 2,000 የሚጠጉ የሙከራ ጉድጓዶችን አነጻጽሯል። ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1348 እንግሊዝ ከመግባቱ በፊት ከነበረው ዘመን ጋር ሲተያይ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሸክላ ቅሪት 45 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። ይህ የተገኘው በአንድም የወርቅ ሳንቲም አይደለም። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ገል አውጥተው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ገል ባላወጡ ጓሮዎች ነው። የነዚያ ጓሮዎች ባለቤቶች «ምንም አልወጣም» ብለው ቅጹን ቢጥሉት ኖሮ ቁጥሩ አይኖርም ነበር።

ይህን ስል ግን ባዶ ሁሉ ማስረጃ ነው እያልኩ አይደለም። ቤቱ ሲሠራ ግንበኛው አፈሩን ጠርጎ ወስዶት ከሆነ ባዶነቱ የ1970ዎቹ ዶዘር ሥራ ነው። በተቃራኒው ለአበባ ተብሎ በመኪና የመጣ አፈር የሌላ መንደር ገል ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ባለቤቱን «አፈር አስመጥታችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከመቆፈሩ ይቀድማል። ድንች ሲተከልበት የኖረ መሬት የላይኛው 30 ሳንቲም ተገላብጦ ያለቀ ነው። ከሥር የፕላስቲክ ቁራጭ ከወጣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የተነካ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ የአንግሎ ሳክሰን ዘመናት (ከ5ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ያሉት) ሸክላ በደንብ ያልተተኮሰ ስለሆነ አፈር ውስጥ ይፈራርሳል፤ ሰው ኖሮም ዝም ሊል ይችላል። በኔ ግምት ከሃያ ጉድጓድ በታች ይዞ ስለ አንድ መንደር ታሪክ አፍ ሞልቶ መናገር አይገባም፤ ሃያውም በአንድ መንገድ ዳር የተደረደሩ ከሆነ ያው ነው።

ቁፋሮው የሚቆመው ያልተነካ የተፈጥሮ አፈር ሲደረስ፣ ወይም 1 ሜትር ከ20 ሲሞላ፣ ወይም የግድግዳ መሠረት ወይም ወለል ሲገኝ ነው። መሠረት ከተገኘ ይጸዳል፣ ይነሣል (ፎቶ ማለቴ ነው)፣ ባለበት ይተዋል። የሰው አጥንት ከሆነ ወዲያው ሥራ ቆሞ ለፖሊስ ይነገራል። ሲሞላ አፈሩ በየ20 ሳንቲሙ ይረገጣል፤ ያልተረገጠ ጉድጓድ በመጀመሪያው ዝናብ ይሰምጥና ባለቤቱ ሁለተኛ ጓሮውን አይከፍትላችሁም።

«ግቢዬ ነው፤ ማን ይከለክለኛል?» ለሚለው መልሱ እንደየአገሩ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቦታው እ.ኤ.አ. በ1979ኙ ሕግ የተመዘገበ ጥብቅ ቅርስ ካልሆነ የባለ መሬቱ ፈቃድ ይበቃል፤ የወጣውም በአብዛኛው የባለ መሬቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996ቱ ሕግ ሀብት ሊባል የሚችል ወርቅና ብር ግን በተገኘ በ14 ቀን ውስጥ ለኮሮነር (ድንገተኛ ሞትንና የተገኘ ሀብትን ለሚያጣራው ሹም) ይነገራል፤ ኪስ ውስጥ አይገባም። ስኮትላንድ ሌላ ነው፤ የተገኘ ሁሉ ይነገራል፣ የመጠየቅ መብቱም የዘውዱ ነው። ሰሜን አየርላንድ ደግሞ ለአርኪዮሎጂ ብሎ ያለ ፈቃድ መቆፈር ራሱ ወንጀል ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ «እኛም እንቆፍር» የሚለው ምክር በዚህ መልኩ አይሠራም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለማግኘት መቆፈር ከቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ግቢ የራስ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። አክሱምን የመሰለ፣ የዛሬው ከተማ ከጥንቱ ላይ የተቀመጠበት ቦታ ሲሆን ደግሞ አንድ ሜትር ጉድጓድ የመቃብር ክፍል ጣሪያ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ነዋሪው ማድረግ የሚችለው ሌላ ነው። ለቤት መሠረት፣ ለሽንት ቤት ወይም ለውሃ መስመር በሚቆፈርበት ጊዜ የተጠረበ ድንጋይ ወይም የተከማቸ ገል ከወጣ ሥራውን ያቁም፤ የወጣውን ባለበት ይተው፤ ከመሬቱ ገጽ ስንት ሳንቲም እንደወረደ በሜትር ይለካ፤ ሜትሩን አጠገቡ ዘርግቶ ፎቶ ያንሣ፤ የግቢውን ቦታና ቀኑን ጽፎ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። ገሉን አጥቦ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ካስቀመጠው በኋላ የሚመጣ ባለሙያ የሚጠይቀው «ከየት ወጣ? ከስንት ጥልቀት?» ብሎ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጉድጓዱ ኮንክሪት ጠጥቷል።