የደሴ መካነ መቃብሮችና የይዞታ ጥያቄ

ደሴ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነገረው ለቅሬው ነው። ቅሬ የወሎ እድር ነው። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ናቸው። ጀናዛውን ክርስቲያኑ ጎረቤት ይሸኛል፤ የክርስቲያኑ ቀብር ላይም ሙስሊሙ አይቀርም። የሚለያዩት ማረፊያው ላይ ነው። ክርስቲያኑ በደብሩ ቅጥር፣ ሙስሊሙ በሙስሊም መካነ መቃብር ይቀበራል።

ደሴ በከተማነት ያደገችው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ የራስ (ኋላ ንጉሥ) ሚካኤል መቀመጫ ሆና ነው። ቄሱም፣ ሼሁም፣ ወታደሩም፣ ሩቅ አገር የመጣው ነጋዴም መጨረሻው እዚሁ አፈር ሆነ። አረብ ገንዳ የሚለው የሰፈር ስም እንኳ የዚያን ዘመን ነጋዴዎች ያስታውሳል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ። የእርሳቸው ውሎ ተጽፎ ቀርቷል። የተራው ሰው ግን የት ይገኛል? በአገራችን ዘመናዊው የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለሞተ ሰው ብዙ ጊዜ ማስረጃው የመቃብሩ ድንጋይና የቅሬው ደብተር ብቻ ነው። ለእኔ መካነ መቃብር ቅርስ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ድንጋዮቹን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ላይ ስሙ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በምስማር የተጫረ ነው። ፊደሉ ወደ ዳር ሲደርስ ቦታ አንሶት ይጠብባል። ብዙው የሙስሊም መቃብር ደግሞ በራስጌና በግርጌ የቆመ ድንጋይ ነው፤ ጽሑፍ የለውም። የደሴ መሬት ተዳፋት ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ይሸረሽራል፣ ድንጋዩም ይጋደማል። በቃሉ ወረዳ ገታ እንዳለው እንደ ሐጅ ቡሽራ መቃብር ያለ የታላቅ ሼህ ማረፊያ ዘያሪ (ለበረከት የሚጎበኝ) አያጣም። የሰፈሩ መቃብር ግን ያለው ቅሬው ብቻ ነው።

የይዞታው ጉዳይ ውስብስብ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠሩ መሬት በአዋጅ 31፣ የከተማው በአዋጅ 47 ወደ መንግሥት ዞረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑም ሆነ መስጊዱ ይዞታ እንጂ የመሬት ባለቤትነት የለውም። ይዞታ ደግሞ ካርታ ይፈልጋል። ካርታ ለመጠየቅ ደግሞ ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ ማለትም በራሱ ስም መብት ሊይዝ የሚችል አካል መኖር አለበት። ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይህን የሰጣት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። መጅሊሱ (የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት) በአዋጅ ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ነው። ስንት ዓመት እንደተራራቁ ልብ ይሏል! በዚህ መሃል በልማድ የተያዘ የመቃብር ቦታ በቀላሉ ሰነድ አልባ ሆኖ ይቀራል።

ጭቅጭቁ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ጎረቤት አጥሩን በየዓመቱ አንድ ክንድ ይገፋል። መንገድ ይሰፋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ 818 ወሰኑ ተለክቶ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ለካዳስተር (ይዞታ ለክቶ ለሚመዘግበው) ሠራተኛ ግን ድንበሩን የሚያሳየው አንድ ያረጀ የቅሬ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል።

የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ቅርስ ሆኖ መመዝገብ ይዞታው የማን ነው የሚለውን ክርክር አይፈታም።

መቃብር በልማት ሲነሳም ሕግ አለው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የካሳ ደንብ ቁጥር 135 ሐውልቱን የማንሳት፣ ሌላ ማረፊያ የማዘጋጀት፣ ዐፅሙን የማዛወርና የሃይማኖት ሥርዓቱን የመፈጸም ወጪ በካሳው እንዲታሰብ አድርጎ ነበር። ለዚህ ግን "የእኔ ሰው ነው" ብሎ የሚቆም ያስፈልጋል። ራስጌው ላይ ስም ለሌለው ሰው የሚቆምለት ቅሬው ነው፤ ለዚያውም ደብተሩ ካልጠፋ።