ግማሹ በክፍል፣ ግማሹ በቤት፦ ስለ ቅይጥ ትምህርት

ልጁ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ትምህርት ቤት ይሄዳል። በቀሩት ቀናት ቤቱ ሆኖ ከወላጁ ጋር ይማራል። ቅይጥ ወይም ሃይብሪድ ትምህርት የሚባለው በአጭሩ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። በኮሮና ጊዜ ሃይብሪድ ይባል የነበረው ሌላ ነው። ያኔ ልጁ ቤት ቢውልም የሚያስተምረው የትምህርት ቤቱ መምህር ነበር፤ ድምፁ በስክሪን ይመጣል እንጂ ኃላፊነቱ እዚያው ነው። እዚህ ግን በቤት ቀን ማስረዳቱም፣ ማለማመዱም፣ ብዙ ጊዜ ማረሙም የእናት ወይም የአባት ሥራ ነው። ስክሪን ጭራሽ ላይኖር ይችላል። የቤት ሥራም አይደለም። የቤት ሥራ ከክፍል ለተረፈው ነው፣ ይሄ ግን ትምህርቱ ራሱ ነው።

ልጅን ቤት ማስተማር ከትምህርት ቤት በፊትም የነበረ ነው። እንደ ዘመናዊ ንቅናቄ አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎልቶ ወጣ፣ በ1993 ደግሞ በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ሆነ። በዚያው ዓመት ቴክሳስ ውስጥ አርሊንግተን ከተማ ግሬስ ፕሪፓራቶሪ አካዳሚ የሚባል ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዛሬው ቅይጥ ትምህርት መልክ በደንብ የሚታየው ከዚህ ጀምሮ ነው። አሠራሩን «የዩኒቨርሲቲ ሞዴል» አሉት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍል አይቀመጥም፤ በተወሰኑ ቀናት ይማራል፣ በሌሎቹ ራሱን ችሎ ያነባል። ያንን ፕሮግራም ለሕፃናትና ለታዳጊዎች አመጡት። ትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀን ክፍል ይገባሉ፣ ትልልቆቹ ሦስት።

በጣም ደስ የሚለኝ ግን የወላጁ ድርሻ ከልጁ ዕድሜ ጋር እንዲቀየር ተደርጎ መታሰቡ ነው። በታችኞቹ ክፍሎች ወላጅ ሁለተኛ መምህር ነው፣ አጠገብ ተቀምጦ ፊደል ያስቆጥራል። መካከለኛው ላይ ሲደርስ ዕቅዱን አብሮ ያወጣል፣ ሥራው መሠራቱን ያያል። ወደ ላይ ሲወጣ ከሩቅ መከታተል ብቻ ይቀረዋል፣ ልጁም ጊዜውን ራሱ ማስተዳደር ይጀምራል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ልጅን ቀስ በቀስ መልቀቅ መቼም የወላጅ ዋና ሥራ ነውና።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ተራ ወረቀት ላይ ነው። መምህሩ በየሳምንቱ ለቤት ቀናት የሚሆነውን ዝርዝር ይልካል፦ ከየት እስከ የት ይነበብ፣ የትኛው መልመጃ ይሠራ፣ ምን ተሠርቶ ይምጣ። ወረቀቱ ግልጽ ካልሆነ እናት የመምህሩን ሐሳብ ስትገምት ትውላለች፣ መምህሩም በማግስቱ ግማሹ ተማሪ ያልደረሰበትን ትምህርት ሊቀጥል ይሞክራል። ቤት ያለው ሰው ጊዜ ካጣም ያው ነው። ክፍያው ከሙሉ ሳምንት የግል ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ቢሆንም፣ ከወላጆች አንዱ ሥራውን መቀነስ ወይም መተው ሊኖርበት ይችላል። ይሄም ወጪ ነው፣ ደረሰኝ የለውም እንጂ።

እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ ፍሌክሲስኩሊንግ ይባላል። የ1996ቱ የትምህርት ሕግ ወላጅ ልጁን «በትምህርት ቤት ወይም በሌላ መንገድ» እንዲያስተምር ያዛል፤ ፍሌክሲስኩሊንግ ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣል። መጠየቅ ይቻላል፣ መፍቀድና መከልከል ግን የርዕሰ መምህሩ ውሳኔ ነው። ችግሩ ስም ሲጠራ ይመጣል። ልጁ ቤት ሲማር የዋለበት ቀን በፈቃድ እንደቀረ ይመዘገባል፣ ስለዚህ የትምህርት ቤቱ የቀሪ ቁጥር ይጨምራል። ልጁ እየተማረ ቀሪ መባሉ ለእኔ ፍትሐዊ አይደለም።

ቤት ማስተማር ግን በሁሉም አገር እንዲህ ክፍት አይደለም። ጀርመን ልጆች ትምህርት ቤት መግባታቸውን ግዴታ አድርጋለች፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2006 ይህን የተቃወሙ ወላጆችን አቤቱታ አልተቀበለም። ፈረንሳይ ከ2022 ጀምሮ ቤት ለማስተማር አስቀድሞ ፈቃድ ትጠይቃለች።

በ2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ወላጅ ሳይወድ አስተማሪ ሆነ። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባደረገው ጥናት ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች ቤት የሚያስተምሩት በዚያ ዓመት ጸደይ 5.4 በመቶ ነበሩ፣ መኸር ላይ 11.1 በመቶ ደረሱ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ሙሉ ሳምንት መመለስ ያልፈለገ፣ ብቻውንም መቀጠል የከበደው ቤተሰብ ቅይጡን ቢመርጥ አይገርምም።

ውጤቱስ? ደጋፊዎች ልጆቹ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ይህን መንገድ የሚመርጡት ቀድሞውኑ ለልጃቸው ትምህርት ጊዜ የሚሰጡ ቤተሰቦች ስለሆኑ፣ የትኛው በአሠራሩ የትኛው በቤተሰቡ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ልጆቹ ከሰው ጋር መኖር አይችሉም የሚለው ስጋት ግን እዚህ ጋ አይሠራም፤ በየሳምንቱ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ናቸው።

የሥራ ክፍፍሉም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቤተ ሙከራ፣ ውይይት፣ የቡድን ስፖርት ለክፍል ቀን ይቀራሉ። ንባብ፣ ጽሑፍና የሒሳብ ልምምድ ቤት ይሻላሉ፣ ምክንያቱም ልጁ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ያልገባውን ሦስት ጊዜ ቢጠይቅም የሚቸኩልበት የለም። ኬሚስትሪና ካልኩለስ ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ወላጅ እውቀቱ ያልቅበታል። ያኔ አንዳንዱ አስጠኚ ይቀጥራል፣ አንዳንዱ ከልጁ ጋር እንደ አዲስ መጽሐፍ ይገልጣል፣ ለትልልቆቹ ሦስተኛ የክፍል ቀን መኖሩም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።